የታየ ገንዘብና የገባ ገንዘብ፦ ክላሲክ መኪናን ለውጭ ገዢ መሸጥ

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ቡና፣ ስለ ሰሊጥ ወይም ስለ ቦሎቄ አይደለም፤ ስለ መኪና ነው። ያውም ስለ አሮጌ መኪና። ግራ አይግባችሁ፣ ምክንያት አለኝ። ከተከታዮቻችን መካከል አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች አሉ፤ ለዓመታት ሸራ አልብሰው ጋራዥ ውስጥ ያቆዩትን ቮልስ ወይም መርሰዲስ ለሌላ አገር ሰው መሸጥ የሚፈልጉ። ለነሱ በቀጥታ ይጠቅማል። እዚህ ላለነው ላኪዎች፣ ዩኒየኖችና ነጋዴዎች ደግሞ በሌላ በኩል ይጠቅመናል፤ አንድ መኪና የሚሸጥ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ኮንቴይነር ሰሊጥ የሚልክ ሰው ከሚገጥመው ጋር ያው ነው። ገዢውን በዓይን አላየነውም፣ ዕቃው ባሕር ይሻገራል፤ ማን ይቅደም? ገንዘቡ ወይስ ዕቃው? መኪና ላይ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ዕቃው አንድ ነው፣ ወረቀቱ አንድ ነው፣ ሻጩም ከጀርባው ባንክና ትራንዚተር የለውም፤ ብቻውን ነው።

ክላሲክ መኪና ስንል ዕድሜው የገፋ፣ መመረቱ የቆመ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት መኪና ማለታችን ነው። እንደ ቡና የኒውዮርክ ዋጋ የለውም፤ እያንዳንዱ መኪና ለብቻው ነው የሚተመነው። ጣሪያው የት እንደደረሰ ለማየት ያህል፣ በ2018 አንድ የ1962 ፌራሪ 250 ጂቲኦ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል፤ በ2022 ደግሞ አንድ የ1955 መርሰዲስ 300 ኤስኤልአር በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህን የሚሸጡት ግን ጠበቃና አጫራች ድርጅት ያላቸው ሰዎች ናቸው። የኛ ወሬ ሃያና ሠላሳ ሺህ ዶላር ስለሚያወጣው መኪና ነው። እዚያ ዋጋ ላይ ጠበቃ የለም፤ አጭበርባሪው ደግሞ በሽ ነው።

ቼኩ

እንበል ሜሪላንድ ያለ አንድ ወገናችን የ1967 ቮልስዋገን ቢትል አለው፤ እኛ ቮልስ የምንላት። ሞተሯ የራሷ ነው፣ ቀለሟ ታድሷል። 28 ሺህ ዶላር ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ከሌላ አገር መልእክት ደረሰው። ገዢው ዋጋ አይከራከርም። መኪናዋን ማየት አያስፈልገኝም፣ ፎቶው ይበቃኛል ይላል። በስልክ እንነጋገር ሲባል «ሥራዬ መርከብ ላይ ስለሆነ ኢሜይል ይሻላል» የሚል መልስ ይመጣል። ማጓጓዣውን እኔ አመቻቻለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ ይላል። እስኪ አስቡት፤ እኛ አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሷን ሳያይ ገንዘብ ከኪሱ አያወጣም። 28 ሺህ ዶላር ሊከፍል የተነሳ ሰው «ዝገት አላት ወይ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ የፈለገው መኪናዋን አይደለም፤ ሻጩን ነው።

ቀጥሎ ቼክ ይመጣል። ተራ ቼክ ሳይሆን ባንክ ራሱ የሚቆርጠው፣ እኛ ሲፒኦ የምንለው ዓይነት። ግን የተጻፈበት 28,000 አይደለም፤ 34,500 ነው። «ትርፉ 6,500 የማጓጓዣው ነው፤ ቼኩን ባንክ ያስገቡና ለትራንስፖርተሩ ይላኩልኝ» ይላል። ሻጩ ቼኩን ያስገባል። በማግስቱ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ገንዘቡ ሂሳቡ ላይ ይታያል። ደስ ብሎት 6,500ውን ይልካል። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ከሳምንት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ ባንኩ 34,500ውን ከሂሳቡ መልሶ ይቀንሳል። የተላከው 6,500 ግን የሻጩ የራሱ፣ እውነተኛ ገንዘብ ነበር። በዚህ መሀል መኪናዋ ተጭና ከሆነማ እሷም ሄዳለች።

ብዙ ሰው «ታዲያ ባንኩ ለምን ገባ አለኝ?» ይላል። ባንኩ ገባ አላለም። የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ዓይነቱ ቼክ ሲገባ ባንኮች ገንዘቡን አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ለደንበኛው ክፍት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ መጠኑ ትልቅ ሲሆን ከፊሉን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ክፍት ማድረግ ማለት ደንበኛው እንዳይጉላላ ማስቀደም ማለት ነው እንጂ ቼኩን የቆረጠው ባንክ ከፍሏል ማለት አይደለም። ቼኩ ሲመለስ ዕዳው የደንበኛው ነው። የታየ ገንዘብና የገባ ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህችን ልዩነት የያዘ ሰው ከቀሪው ጽሑፍ ግማሹን አውቆታል።

ስለዚህ ለውጭ ገዢ በቼክ አይሸጥም። በቃ። ሲፒኦም ይሁን ሌላ፣ ከዋጋው በላይ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ትርፍ ልኮ መልስ የሚጠይቅ ሐቀኛ ገዢ የለም።

የባንክ ዝውውር ይሻላል፤ ከባንክ ወደ ባንክ የሚመጣ ገንዘብ አንዴ ከገባ ላኪው በፈለገ ጊዜ የሚመልሰው ነገር አይደለም። ግን እዚህም ላይ ወረቀትና ገንዘብ አይምታታብን። ገዢው የላከው የስዊፍት ኮፒ ገንዘብ አይደለም። ፎቶሾፕ የቻለ ልጅ በአንድ ሰዓት ይሠራዋል። ይሄ የኛም አገር ላኪ ቁስል ነው፤ «ስዊፍቱ ደርሶኛል» ብሎ ዕቃ የሚያስጭን አለ። ኮፒው የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን የመከታተያ ቁጥር ወስዶ የራስን ባንክ «ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ? የት ደረሰ?» ብሎ ለመጠየቅ። የሚደወለውም ራሳችን በምናውቀው የባንኩ ስልክ ነው፤ ኢሜይሉ ግርጌ ላይ በተጻፈው አይደለም። መኪና ሻጩ ደግሞ አንድ ቀላል ጥንቃቄ ሊጨምር ይችላል፦ ለዚሁ ሽያጭ ብቻ ባዶ ሂሳብ ይክፈት፣ ገንዘቡ ሲገባ ወደ ዋናው ሂሳብ ያዛውረው። ያኔ ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው የሂሳብ ቁጥር ቁጠባው ያለበት አይሆንም።

ሦስተኛው መንገድ ኤስክሮ የሚባለው ነው፤ የኛ ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ ገንዘቡን ሽማግሌ ዘንድ አስቀምጦ ነገሩ ሲያልቅ መልቀቅ። ፈቃድ ያለው የኤስክሮ ድርጅት ለሁለቱም ወገን ጥሩ ነው። ችግሩ ሽማግሌውን የመረጠው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። አጭበርባሪው እውነተኛ የሚመስል ድረ ገጽ ሠርቶ ሊንኩን ይልካል፤ ሻጩ ከፍቶ ሲያይ «ገንዘቡ ተቀምጧል፣ መኪናውን ይላኩ» የሚል ያነባል። የተቀመጠ ነገር የለም። መፍትሔው ሊንክ አለመንካት፣ ድርጅቱን ራስ ፈልጎ አድራሻውን በእጅ መጻፍ፣ ፈቃዱንም ከሰጪው መሥሪያ ቤት ማጣራት ነው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ የኤስክሮ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ ዝርዝሩን ማንም ሰው ማየት ይችላል። ገዢው «ከዚህኛው ኤስክሮ ውጪ አልፈልግም» ካለ እግዜር ይስጥልን ብሎ መለየት ነው።

ሊብሬው

አሁን ወደ ወረቀቱ። በአሜሪካ ታይትል ይባላል፤ ሥራው እኛ ሊብሬ ከምንለው ጋር አንድ ነው። መኪናው ብረት ነው፤ መኪናውን የአንድ ሰው ንብረት የሚያደርገው ይሄ ወረቀት ነው። ለዚህም ነው ገንዘቡ ሳይገባ መፈረም የሌለበት። የገዢውን ስም ሳይሞሉ ባዶውን ፈርሞ መስጠት ደግሞ የባሰ ነው፤ ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ገዢው ማየት ከፈለገ ፎቶ ይላክለት፣ ግን የሰነዱ ቁጥርና የቤት አድራሻው ተሸፍኖ። ሙሉ ፎቶ ከደረሰው በዚያው መኪና ስም ለሌላ ሰው የሚሸጥ አጭበርባሪ አለ።

ከአሜሪካ ያገለገለ መኪና ለማውጣት የጉምሩክ ሕጉ ግልጽ ነው። የመኪናው ወረቀት፣ ኦሪጅናሉ ወይም በሕጋዊ መንገድ የተረጋገጠ ቅጂው፣ ከመኪናው ጋር የሚወጣበት ወደብ ላይ ላለው ጉምሩክ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት መቅረብ አለበት። የኤክስፖርት መረጃው በኤሌክትሮኒክስ ይመዘገባል፤ ያገለገለ መኪና ከሆነ ዋጋው ትንሽም ቢሆን ምዝገባው አይቀርም። መኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ካለ ያበደረው ባንክ እንዲወጣ የፈቀደበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይሄን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የማጓጓዣ ወኪሉ ነው። ወኪሉን ገዢው ቢቀጥረውም ግን ምዝገባው ላይ ሻጭ ተብሎ የሚጻፈው የናንተው ስም ስለሆነ፣ የተሞላውን ጠይቃችሁ ቅጂ ያዙ።

72 ሰዓቱ ለሻጩ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ወረቀቱ ጉምሩክ ሳይደርስ መኪናው በሕጋዊ መንገድ አይወጣም። ስለዚህ ሙሉው ገንዘብ መግባቱን ባንክ አረጋግጦ እስኪነግረን ወረቀቱን ለወኪሉ አለመስጠት ነው። መኪናው ወኪሉ ግቢ ገብቶ ቆሞ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ እኛ ጋ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ሐቀኛው ገዢም ይፈራል። እሱም 28 ሺህ ዶላር ለማያውቀው ሰው ሊልክ ነው። ስለዚህ እሱም የሚተማመንበት ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ገዢው እዚያው አካባቢ ያለ መካኒክ ወይም መርማሪ በራሱ ወጪ ቀጥሮ ያስመረምር። ካስመረመረና ከተስማማው ቀብድ፣ ለምሳሌ 10 በመቶ፣ በባንክ ይላክ፤ ቀብዱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስና እንደማይመለስ ተጽፎ ይፈረም። ከዚያ ቀሪው ይላክ፤ ከገባ በኋላ መኪናውና ወረቀቱ በአንድ ቀን ለወኪሉ ይሰጡ፣ ወኪሉም ፈርሞ ይቀበል። እውነተኛ ገዢ ያደክማል። የሻንሲ ቁጥር ይጠይቃል፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠይቃል፣ ከሥር ፎቶ አንሳልኝ ይላል፣ አምስት መቶ ዶላር ቀንስ ብሎ ሁለት ቀን ይጨቃጨቃል። ይሄ ሁሉ ደስ ሊለን ይገባል።

ለምን እንደሚያደክም በቁጥር እንየው። ቮልሷን የገዛው ጀርመን ያለ ሰው ነው እንበል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተራ መኪና 10 በመቶ ቀረጥ፣ ከዚያ ላይ 19 በመቶ የጀርመን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። ማጓጓዣውን ብንተወው በ28,000 ላይ ቀረጡ 2,800፣ ታክሱ 5,852፣ ድምር 8,652 ነው። መኪናው ግን 30 ዓመት ያለፈው፣ በነበረበት ሁኔታ ያለ፣ መመረቱ የቆመ ሞዴል ሆኖ እንደ ሰብሳቢ ዕቃ ከተመደበ ቀረጥ የለም፤ ታክሱም 7 በመቶ ብቻ፣ 1,960 ነው። ልዩነቱ 6,692። እንግዲህ ሻጩ «ሁሉም ኦሪጅናል ነው» ብሎ ጽፎ ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ፣ ገዢው ጉምሩክ ላይ ይህን ሁሉ ሊከፍል ይችላል፣ ከዚያም ዞሮ ሻጩን ይከሳል። ስለዚህ የተቀየረው ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ፦ ቀለሟ በዚህ ዓመት ታድሷል፣ ወንበሩ አዲስ ነው፣ ሬዲዮው የሷ አይደለም። እርጥበቱ 8 በመቶ የሆነ ሰሊጥ 6 ነው ብሎ መላክ ምን እንደሚያመጣ የምታውቁት ናችሁ።

ገዢው «ደረሰኙ ላይ 8 ሺህ ብለህ ጻፍልኝ» ቢልስ? አይሆንም። የሐሰት ዋጋ የጻፈው ሻጩ ነው፤ ፊርማው የሱ ነው። ክርክር ቢነሳ ደግሞ 28 ሺህ እንደሸጠ የሚያሳይ ወረቀት በእጁ የለም። እዚህ አገር ኢንቮይስ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ምን መዘዝ እንዳለው ለዚህ ቻናል ሰዎች አልዘረዝርም።

የኃላፊነት መሸጋገሪያውን ነገር ባጭሩ፦ መኪናው ባሕር ላይ ቢበላሽ የማን ነው? ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጠብ ነው። ለግለሰብ ሻጭ የሚመቸው ገዢው የቀጠረው አጓጓዥ ሲረከብ ኃላፊነቱ የሚያልፍበት፣ የኤክስፖርት ፎርማሊቲውን ሻጩ የሚጨርስበት አሠራር ነው፤ በኢንኮተርምስ ኤፍሲኤ የሚባለው። እስከ ገዢው ከተማ አደርሳለሁ ብሎ መፈረም ግን ሞኝነት ነው። ርክክብ ላይ ኪሎሜትሩን ጨምሮ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ። ታርጋውን ነቅሎ፣ መሸጡን ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅም አይረሳ።

ሊብሬውና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ለመኪናው ሊብሬ ማለት ለኮንቴይነሩ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ማለት ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ መኪናን ስም አዛውሮ ታርጋ ለማውጣት መሥሪያ ቤት ያያል፣ ኮንቴይነርን ግን ወደብ ላይ ሕጋዊ ያዥ ሆኖ የቀረበ ሰው ነው የሚረከበው። ይህ በወረቀት ላይ የሚነገር ስጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ የቬትናሞችን ታሪክ ልንገራችሁ።

በ2022 መጀመሪያ ላይ የቬትናም ካሹ ለውዝ ላኪዎች ወደ ጣሊያን አንድ መቶ ገደማ ኮንቴይነር ሸጡ፤ በደላላ በኩል። የክፍያው ዘዴ ሰነድ በክፍያ ነበር፤ እኛ ሲኤዲ የምንለው። የላኪው ባንክ ኦሪጅናል ሰነዶቹን ለገዢው ባንክ በኩሪየር ይልካል፣ ገዢው ከፍሎ ሰነዱን ይወስዳል። ለዓመታት ስንሠራበት የኖርነው ነው፤ እንግዳ ነገር የለበትም። ነገር ግን ሰነዶቹ ደረሱ ሲባል አንዳንዶቹ ባንኮች የደረሰን ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናል አይደለም አሉ። ገንዘብ ሳይከፈል ኦሪጅናሉ ከመንገድ ጠፋ ማለት ነው። 36 ኮንቴይነር የሚሆነው ዕቃ ላይ ላኪዎቹ ቁጥጥራቸውን አጡ። ኦሪጅናሉን የያዘ ማንም ሰው ጄኖቫ ወደብ ሄዶ ዕቃውን ሊያወጣ ይችላል። የካሹ ላኪዎች ማኅበር፣ ጣሊያን ያለው የቬትናም የንግድ ቢሮ፣ የመርከብ ድርጅቶችና የጣሊያን ፖሊስ ተረባርበው ኮንቴይነሮቹ እንዳይለቀቁ አስደረጉ፤ ከወራት ድካም በኋላ ዕቃው አብዛኛው ለባለቤቶቹ ተመለሰ። የተረፉት ሰነዱ ስላልጠፋ አይደለም፤ ቶሎ ስለጮሁ ነው።

ሲኤዲ ላይ ባንክ መሀል ስላለ ብዙዎቻችን ባንኩ ዋስ የሆነልን ይመስለናል። አልሆነም። ሲኤዲ የሚመራበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ዩአርሲ 522 የሚባለው፣ ሰነድ በመንገድ ላይ ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ባንኮች ኃላፊነት እንደሌለባቸው አንቀጽ 14 ላይ በግልጽ ይናገራል። ባንኩ ፖስተኛ ነው። በኤልሲ ግን ነገሩ ይለያል። በዩሲፒ 600 አንቀጽ 35 መሠረት የተሰየመው ባንክ ሰነዱ ትክክል ነው ብሎ ከተቀበለና ኤልሲው በሚለው መንገድ ከላከው በኋላ ሰነዱ ቢጠፋ፣ ኤልሲውን የከፈተው ባንክ መክፈል አለበት። ለዚህ ነው ኤልሲ ውድ የሆነው፤ ፖስተኛውን ከፋይ ያደርገዋል። አዲስ ገዢ ከሆነና መጠኑ ትልቅ ከሆነ፣ የኤልሲው ወጪ በዛ የሚለው ክርክር ለኔ ብዙም አይዋጥልኝም።

ሲኤዲ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ቢቀር አብዛኛው የኛ ንግድ ይቆማል። ግን የቢል ኦፍ ሎዲንጉን አጻጻፍ እንመልከት። «ለትእዛዝ» ተብሎ ላኪው ጀርባው ላይ ስም ሳይጠቅስ ከፈረመበት፣ ወረቀቱ እንደ ብር ኖት ነው፤ የያዘው ባለቤት ነው። መኪናው ላይ ባዶውን የተፈረመው ሊብሬ ያልኳችሁ ማለት ይሄ ነው። በገዢው ስም ቀጥታ ከተጻፈ ደግሞ ኦሪጅናሉን ሳይጠይቁ ለገዢው የሚለቁ አገሮች አሉ። የተሻለው በገዢው ባንክ ትእዛዝ ማድረግ ነው፤ ያኔ ባንኩ ካልፈረመበት ሌባ ቢይዘውም አይጠቅመውም። ባንኩ ግን አስቀድሞ መስማማት አለበት፤ ይህንንም ባንካችን ይጠይቅልን። አብሮም ሁለት ነገር ይጠይቅልን፦ ገዢው እውነት ደንበኛችሁ ነው ወይ? ሰነዱ የሚላክበት ትክክለኛ አድራሻና ክፍል የቱ ነው? መልሱ ከባንክ ወደ ባንክ በስዊፍት ይምጣ። ገዢው በኢሜይል የሰጠን የባንክ አድራሻ የኤስክሮው ሊንክ ወንድም ነው። የኩሪየሩን ቁጥርም ሰነዱ ባንክ ሳይደርስ ለደላላ መስጠት ምን ያደርጋል? ደላላው ወረቀቱን መንገድ ላይ ሊቀበለው ነው?

«አንዱን ኦሪጅናል በቀጥታ ላክልኝ፣ ዕቃው ወደብ ደርሶ ዴመሬጅ እየቆጠረብኝ ነው» የሚል ገዢም አለ። ኦሪጅናሉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቢሆንም አንዱ ብቻ ዕቃውን ያስወጣል፤ አንዱ ከሠራ በኋላ ሁለቱ ወረቀት ናቸው። ቀጥታ መላክ ማለት ሲኤዲውን በፈቃዳችን ዱቤ ማድረግ ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ስል ግን አንድ ነገር ይታወቅ። በቻናላችን የምናውቃቸው ላኪዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በሌባ ገዢ አይደለም። ዋጋ ሲወርድ በሚጠፋው ገዢ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ አሥር ኮንቴይነር ሰሊጥ፣ በኮንቴይነር 19 ቶን፣ በቶን 1,700 ዶላር ተዋዋልን፤ 323,000 ዶላር ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ተነስቶ ሳይደርስ ገበያው 1,550 ገባ። ገዢው ሰነዱን አያነሳም፤ «ጥራቱ ላይ ጥያቄ አለኝ፣ 150 ቀንስልኝ» ይላል። 28,500 ዶላር ማለት ነው፤ አንድ ቮልስ እስከ ነፍሷ። እኛ ደግሞ ዕቃውን መመለስ አንችልም፤ ወደቡ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ሌላ ገዢም ችግራችንን አውቆ ከዚያ በታች ይጠይቃል። ብዙው ሰው ይቀንሳል። ለዩኒየን ሲሆን የሚቀነሰው ከአባላት የትርፍ ክፍፍል ላይ ነው፤ ክፍፍሉን የሚጠብቀው ገበሬ ደግሞ ምርቱን ካስረከበ ወራት አልፎታል።

እዚህ ላይ ነው የመኪናው ቀብድ የሚጠቅመን። ገዢው ሲፈርም 5 በመቶ፣ ማለትም 16,150 ዶላር ልኮ ከነበር፣ ጥሎ ቢሄድ 16,150 ያጣል፣ ከገበያ በርካሽ ገዝቶ ግን 28,500 ያተርፋል፤ ስለዚህ ይሄዳል። 10 በመቶ፣ 32,300 ከሆነ መሄድ ያከስረዋል። 20 በመቶ ከሆነማ አያስበውም። ቀብዱ ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው የገዢው መልካምነት አይደለም፤ ከመፈራረም እስከ ሰነድ መድረስ ባለው ጊዜ ዋጋው ምን ያህል ሊወርድ ይችላል የሚለው ግምት ነው። ለዚያ ነው ይሄን ቻናል የምትከታተሉት። በተረጋጋ ገበያ 10 ይበቃ ይሆናል፤ ዋጋው በሳምንት ውስጥ እየዘለለ ባለበት ወቅት 10 በመቶ ተቀብሎ በሲኤዲ መላክ ለገዢው በነፃ ምርጫ መስጠት ነው። ቀብዱ ገዢው ሰነዱን ካላነሳ የሚቀር መሆኑ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ቀብድ አይባልም። ጥራት ላይ ሰበብ እንዳይኖረው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ የተሰጠ የምርመራ ምስክር ወረቀት የመጨረሻ ነው የሚል አንቀጽ አብሮ ይግባ፤ የመኪናው መካኒክ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነገር በተቃራኒው የሚመጣው ነው። ሌባው እኛን ትቶ ገዢያችንን ሊያታልል ይችላል። የኛን ኢሜይል ሰብሮ ገብቶ ለሳምንታት ደብዳቤያችንን ያነባል፣ ከዚያ በክፍያው ቀን በኛ ስም «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ወደዚህኛው አስገቡ» ብሎ ይጽፋል። ገዢው ከልቡ ከፍሏል፣ እኛ አልደረሰንም፤ በባንካችን ያለው የኤክስፖርት ፐርሚት ሳይዘጋ ይቀራል፣ ቀጣዩን ስንጠይቅም እሱ ይመዘዝብናል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ ውሉ ላይ «የሻጩ የባንክ ሂሳብ በኢሜይል አይቀየርም፤ ለውጥ ካለ በዚህ ስልክ ቁጥር ተደውሎ በድምፅ ይረጋገጣል» ተብሎ ቁጥሩ ይጻፍ። ውሉ ከተፈረመ ገዢው ጋ አሁኑኑ ደውሉና በቃል ንገሩት፤ አብዛኛው የውጭ ገዢ ይህን አውቆ ደስ እያለው ነው የሚቀበለው። ሜሪላንድ ያለው ባለ ቮልስም መኪናዋን ሳያስረክብ ይሄው ቢጻፍለት ይጠቅመዋል፤ በየትኛው ሂሳብ እንደሚቀበል ገዢው ከሱው አንደበት በስልክ ሰምቶ፣ ቁጥር በቁጥር ደግሞለት፣ ከዚያ ይላክ።